ለአንዲት ህንዳዊት እናት፦ የአብሽ ቅጠል ፍለጋ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደርሶ መመለስ ጉዞ ተብሎ ይጻፋል ወይ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ባሕር አልተሻገርሁም፤ በአራት ቀን ውስጥ ሄጄ ተመልሻለሁ። ነገር ግን የወሰደኝ ጉዳይ ከሩቅ አገር የመጣ ስለሆነና እኔም በጉዳዩ ውስጥ ጥፋት ስላለብኝ፣ እንደተመለስሁ ያየሁትን ቀን በቀን ከፍዬ ጽፌዋለሁ።

አስካለ እባላለሁ። በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ልብስ ስፌት አስተምራለሁ። ጉለሌ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከእኔ ቤት ፊት ለፊት መምህር ዴሳይ የሚባሉ ህንዳዊ የሂሳብ አስተማሪና ባለቤታቸው ሳሮጅ ይኖራሉ። ሳሮጅ በእኔ ዕድሜ ናት። ሦስት ዓመት ስትቀመጥ አማርኛውን ከገበያና ከእኛ ከጎረቤቶቿ ለምዳለች።

በመስቀል ሰሞን ለሳሮጅ ከአገሯ ደብዳቤ መጣላት። እናቷ ሞተው ነበር። መምህር ዴሳይ ነገሩን ለአከራያችን ለእትዬ ዘነበች ነገሩ፤ እትዬ ዘነበችም ለሁላችን ነገሩን። እኛ ግን ለቅሶ አልደረስንም። ለማናውቀው ሰው እንኳ ነጠላችንን አዘቅዝቀን የምንሄድ ሴቶች፣ ሃይማኖታቸው ሌላ ነው፣ ልማዳቸውን አናውቅም፣ እናስቀይም ይሆናል ተባብለን ቀረን። እኔም ቧንቧው ዘንድ ስንገናኝ "አይዞሽ" ብያት ባልዲዬን ይዤ ገባሁ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ እሑድ ሳሮጅ ቤቴ መጣች። እስከዚያ ቀን ስታለቅስ አላየኋትም ነበር፤ ያን ዕለትም አላለቀሰችም።

"የፊታችን ዓርብ በእናቴ ስም ሰው ማብላት አለብኝ" አለችኝ። "እናንተ ተዝካር ትላላችሁ አይደል? እኛም አለን። ግን የማበላው እሷ ትወደው የነበረውን ነው። ሜቲ ነው። እዚህ የለም።"

ሜቲ የምትለው ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ከጓዳዬ ገብታ ቅመም ከማስቀምጥበት ጣሳ አንዱን ከፍታ አሳየችኝ። አብሽ ነው! እኛ ፍሬውን ብቻ እናውቃለን፤ እነሱ ደግሞ ለጋ ቅጠሉን እንደ ጎመን ይበሉታል። በከተማቸው ገበያ አንድ ሙሉ መደዳ የቅጠል ብቻ ነው አለችኝ፤ ግንዱ ቀይ የሆነ አለ፣ ረግረግ ውስጥ የሚበቅል አለ፣ እንደ ጆሮ የሰፋ አለ፣ እያንዳንዱ በእስር በእስር ተደርድሮ ውሃ ይረጭበታል። እኔ ከጎመን፣ ከቆስጣና ከሰላጣ ሌላ የማውቀው ቅጠል አልነበረም። ፒያሳ ያለው የአገሯ ሰው ሱቅ ምስርና ሩዝ እንጂ ቅጠል አያመጣም። ራሷ በጣሳ አብሽ ዘርታ ነበር፤ በቅሎ አንድ ጣት ሲሆን የእትዬ ዘነበች ዶሮዎች ጨረሱት።

"ገበሬ ዘንድ አይጠፋም፤ አብረን እንፈልጋለን" አልኋት። ከትምህርት ቤቱ የአራት ቀን ፈቃድ ለመንሁ። መምህር ዴሳይ ፈተና ስለነበረባቸው መሄድ አልቻሉም። በር ላይ ቆመው ለእኔ እጃቸውን አጋጥመው ሰገዱልኝ፤ አፈርሁ።

ማክሰኞ፣ ሰበታ

ጠዋት ከአውቶቡስ ተራ በጅማ መንገድ ተሳፈርን። ከእኔ አጠገብ ሁለት የታሰሩ በጎች ነበሩ። ሳሮጅ በመስኮቱ ማሳዎቹን እያየች "የእኛ አገር መሬት ቀይ ነው፣ የእናንተ ጥቁር" አለችኝ። ሰበታ ከእኛ ሰፈር ይሞቃል። ውሃው ብዙ ነው፤ አትክልተኞቹ ለከተማ የሚልኩትን ጎመንና ካሮት በመስኖ ያለማሉ። የገበያ ቀን ስለነበረ በቀጥታ ወደዚያ ሄድን።

አብሽ አላችሁ ወይ ስል ሁሉም አለ ይላል። ቁናውን ስመለከት ፍሬ ነው። ቅጠሉን ነው የምፈልገው ስል አንዷ ሻጭ ጎረቤቷን ጠራቻት።

"ነይ ስሚ! የአብሽ ቅጠል ትፈልጋለች!"

"ለምን? ለበሬ?"

"ለመብላት" አልሁ።

መደዳውን ሙሉ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ግን አልሳቁም። "ልጄ፣ ቤትሽ ምን ደረሰበት?" አሉኝ በሐዘን። "እኛም በክፉ ቀን ቅጠል በልተናል። እግዜር ያሳልፍልሽ።" ከጎመናቸው አንድ እስር አንስተው በነጠላዬ ሊቋጥሩልኝ ሲሉ ሳሮጅ ዓይኖቿን ወደ መሬት ጣለች። ፊቴ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አብሽ የሚለውን ቃል እየዘለልሁ ጠየቅሁ።

ያደርነው በፊት አብራኝ ታስተምር በነበረችው በወይዘሮ ደስታ ቤት ነው። ደስታ እንግዳ ይዤ መምጣቴን እንዳየች ሳትጠይቀኝ ዶሮ አሳረደች። ሳሮጅ በሕይወቷ ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። ይህን ስነግራት ደስታ ወጥ የያዘውን ድስት ተሸክማ እንደቆመች ቀረች፤ እንግዳ አስቀየምሁ ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሳሮጅ ተነሥታ ድስቱን ከእጇ ተቀብላ መሬት አስቀመጠችና "ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ነኝ፤ ሽሮ እወዳለሁ" አለቻት። ሽሮው እስኪንተከተክ ሁለቱ ምድጃው አጠገብ ሽንኩርት ሲልጡ ቆዩ። እኔ ዶሮውን ብቻዬን በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ግን አልወረደልኝም።

ረቡዕ፣ ቡራዩ

ወደ ከተማ ተመልሰን በአምቦ መንገድ ቡራዩ ስንደርስ ከቀትር በኋላ ሆኗል። ዝናቡ ገና አላቆመም ነበርና መንገድ ላይ የተሳፈርንበት ጋሪ መንኮራኩር ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ባለጋሪው፣ ሳሮጅና እኔ ወርደን ገፋን። የሳሮጅ ረጅም ልብስ ጫፉ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለበሰ። ባለጋሪው አዝኖ፣ የእህቱ ቤት ቅርብ መሆኑን ነገረንና እዚያ አሳረፈን። እህትየው ብርቄ ትባላለች፤ ባሏ ከብት ያረባል። እግራችንን በሙቅ ውሃ አጠበችን። ለሳሮጅም የራሷን ቀሚስ አውጥታ ሰጠቻት።

የብርቄን ባል ቅጠል እንደምንፈልግ ነገርሁት። የሰበታው ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ ስለነበረ፣ "ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል፣ ትንሽ ክብ ቅጠል ያለው፣ ለጋ" ብዬ ብቻ አስረዳሁት።

"ሲዲሳ ነዋ! ሞልቷል!" አለና ማጭድ ይዞ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሸክም ይዞ ተመለሰ። ሳሮጅ ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች። ጭቃና ዝናብ ነው ሽታውን ያጠፋው ብዬ አደፋፈርኋት። ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ተሠራ። ብርቄና ባሏ እንግዳ ላለማሳፈር ቀመሱ። እኔም ጎረስሁ። ጥርሴ መካከል ገለባ ሆኖ ቀረ። ድርቆሽ ነው።

"ሲዲሳን ሰው ሲበላ ዛሬ አየሁ" አለ ባልየው ቀስ ብሎ። "ለላም ወተት ጥሩ ነው።"

ማንም አልሳቀም። ሳሮጅ ጉርሻዋን ከአፏ አውጥታ በመዳፏ ይዛ ቆየች። በኋላ ብርቄ መኝታ ስታነጥፍ እኔና እሷ በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

"ስሙን ነገርሽው?" አለችኝ።

"አልነገርሁትም።"

"ለምን?"

"እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው።"

"በእኔ ነው ወይስ ባንቺ?" አለችኝ።

ከዚያ ስለ እናቷ ነገረችኝ፤ በሦስት ዓመት ጉርብትና ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እናቷ በወጣትነታቸው ባላቸው ሞተባቸው። የነገረችኝን የቅጠል መደዳ ያን ያህል በዝርዝር የምታውቀው ገዢ ሆና አይደለም፤ እናቷ እዚያ ተቀምጠው ሜቲ ሻጭ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ከአትክልተኞች ተረክበው፣ አስረው፣ ውሃ እየረጩ እስኪመሽ ይሸጣሉ። ጣታቸው ሁልጊዜ አረንጓዴ ነበር። ሳሮጅ የተማረችው በዚያ ቅጠል ነው።

"ልጆች ተማሪ ቤት 'የቅጠል ሻጭ ልጅ' ይሉኝ ነበር" አለችኝ። "አንድ ቀን በመደዳው ሳልፍ ከጓደኞቼ ጋር ነበርሁ፤ እናቴን እንደማላውቃት ሆኜ አለፍሁ። አየችኝ። ማታ ምንም አላለችኝም፤ እራቴን ሰጠችኝ። አሁን ሞተች፤ እኔም ሩቅ ነበርሁ። አስካለ፣ ሁለተኛ በቅጠሉ እንዳፍር አታድርጊኝ።"

እጇን ያዝሁ።

ሐሙስ፣ ሱሉልታ

ጠዋት ብርቄ የሳሮጅን ልብስ አጥባ እሳት ዳር አድርቃ አቀረበችላት። ወደ ሱሉልታ የሄድነው ለትምህርት ቤታችን ወተት የሚያመጡ ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ገበሬ እዚያ ስለነበሩ ነው፤ ሌላ የማውቀው ሰው አልቀረኝም። በጎጃም መንገድ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን እንጦጦን ወጣን። ጫፍ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ወዲያ ማዶ ስንወርድ ሜዳው ተዘረጋ፤ ሣር፣ ፈረስ፣ ከብት፣ እንደገና ሣር። ሳሮጅ ጋቢዬን ተከናንባ፣ ይህ ሁሉ አረንጓዴ እያለ የሚበላ ቅጠል መጥፋቱ ገርሟት ታያለች።

ኦቦ ቶለሳ ከግቢያቸው በር ላይ አገኙን። "አካም ጂርቱ!" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታውን ጀመሩ፤ ደኅንነታችንን፣ የትምህርት ቤቱን፣ የመንገዱን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ አስገቡን። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ እርጎ ሰጡን። በዚህ ጊዜ ሳልዘል ተናገርሁ።

"ኦቦ ቶለሳ፣ የመጣነው የአብሽ ቅጠል ፍለጋ ነው። በዚህች እህቴ አገር የሚበላ ነው። በእርስዎ ማሳ አለ ወይ?"

"አብሽማ ከጓሮ አለ። አንድ ቁራጭ መሬት ነው፤ ገና ጉልበቴ አልደረሰም።"

"ቅጠሉን ይሰጡናል?"

አንገታቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ አበባ ያላወጣ ሰብል አልቆርጥም። ቡቃያ የሚያጭድ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ? ወተት ብትይኝ፣ ቅቤ ብትይኝ እሰጥሻለሁ። ይህን ግን አትጠይቂኝ።"

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ስለዚህ የምከራከርበት አልነበረኝም። ሳሮጅ የተባለው ገብቷት እርጎዋን አስቀመጠች። አዴ ወርቄ ግን እሷን ትክ ብለው ሲያዩ ቆይተው ነበር።

"ቅጠሉ ለምንድን ነው? ታማ ነው?" አሉኝ።

"እናቷ ሞተውባት ነው። ነገ የሚበላላቸው ቀን ነው።"

"ወዮ! መቼ ሞቱ?"

"ደብዳቤው የመጣው በመስቀል ነው።"

"መርዶውን ማን ነገራት?"

"ራሷ አነበበችው።"

"ለቅሶ የት ተቀመጠች? ማን አስተዛዘናት?"

አዴ ወርቄ መልሱን ጠበቁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም።

"አልደረስንም" አልሁ በመጨረሻ። "ልማዳቸውን አናውቅም ብለን ቀረን። እኔም ቀረሁ።"

"ጎረቤቷ ነሽ?"

"በሬ ከበሯ ፊት ለፊት ነው።"

አዴ ወርቄ ተነሥተው ሳሮጅ አጠገብ ሄደው ተቀመጡና ጭንቅላቷን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። ለባላቸው በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገሩ። ኦቦ ቶለሳ በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር ሲያደርጉ ቆይተው "ይሁን፤ ነገ ጠል ሳይረግፍ" አሉ።

ያደርነው እዚያው ነው። ለሁለታችን አንድ ወፍራም ጋቢ ደርበውልናል። ሳሮጅ ወዲያው ተኛች። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዓርብ፣ ሱሉልታ

ማለዳ ኦቦ ቶለሳ ማጭዳቸውን ይዘው ጓሮ ሲወጡ ሳሮጅ በእጇ አስቆመቻቸው። ቡቃያው ላይ ጎንበስ ብላ ጫፉን ብቻ በጣቶቿ ቆንጠር አደረገች።

"እንዲህ ነው" አለቻቸው። "ሥሩ አይነካም። ከጎን ከጎኑ መልሶ ያቆጠቁጣል። ፍሬም ይሰጥዎታል።"

ሽማግሌው ማጭዱን ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። ጎንበስ ብለው አንድ ጫፍ ቆነጠሩ፤ አሸተቱት። ከዚያ ሌላ። ወገባቸውን ደጋግመው ሲይዙ አይቼ እንዲተዉት ለመንኋቸው፤ አልተዉም።

በሦስት ውሃ ታጠበ። ሳሮጅ ከትፋ ጨው ነስንሳበት ጥቂት አቆየችው፤ መራራው ውሃ ሲወጣ ጨመቀችው። ጾም ስለነበረ ቅቤ አልተነካም፤ በኑግ ዘይት ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ አቁላልታ፣ እርድ ጨምራ፣ ድንች አስገባች፤ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ። የቀረውን ቅጠል ከስንዴ ዱቄት ጋር ለውሳ ስስ ስስ ቂጣ በብረት ምጣድ ጋገረች። ቤቱን የሞላው ሽታ እንግዳ አልነበረም። ያው የአብሽ ሽታ ነው፤ ግን እርጥብ፣ ገና የተነሣ። ቂጣው ላይ ያሉት አረንጓዴ ነጥቦች በልብስ ሰፊ ዓይኔ የጥልፍ ሥራ መሰሉኝ።

አዴ ወርቄ የእናቷ ተዝካር እዚሁ ይሁን ብለው ጎረቤት ጠርተው ነበር። ሴቱም ወንዱም መጥቶ መደብ ሞላ። ምግቡ ሲቀርብ እጅ የሰነዘረ አልነበረም። ቅጠል ነው፤ ያውም የከብት ሊሆን ይችላል። ማንም አይናገር እንጂ እንደ ሰበታዋ አሮጊት ክፉ ቀን ያሰቡ ሰዎች እንደነበሩ ከፊታቸው አየሁ። በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጡ፣ አንድ ዓይናቸው የጠፋ ባልቴት እጃቸውን ታጥበው ቂጣውን ቆረሱ፤ ድንችና ቅጠሉን ጠቅልለው ጎረሱ። ሁላችን አየናቸው።

"ይመራል" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "ይጥማል። ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ፍሬውን ብቻ ስንጠብቅ የኖርነው?" አሉ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

ተበልቶ ሲያበቃ ባልቴቷ ወደ ሳሮጅ ዞሩ። "ልጄ፣ የበላነው በማን ስም ነው? ስም አይነገረንም ወይ?"

ሳሮጅ ተነሥታ ቆመች። "ካሺ" አለች። "እናቴ ካሺ ትባላለች። ቅጠል ሻጭ ነበረች።"

"የካሺን ነፍስ ይማር!" አሉ ባልቴቷ።

"የካሺን ነፍስ ይማር!" አለ ቤቱ ሁሉ፤ ከፊሉ በአማርኛ፣ ከፊሉ በኦሮምኛ።

ሳሮጅ ያን ጊዜ አለቀሰች። እንደ እኛ ደረቷን አልመታችም። እዚያው ቆማ፣ እጆቿን አጋጥማ፣ ድምፅ ሳታሰማ ጀመረች፤ ከዚያ ድምፁ መጣ። ሴቶቹ ተነሡ። አዴ ወርቄ በኦሮምኛ እያዜሙ አለቀሱላት፤ ቃሉ ሁሉ አልገባኝም፤ እናቴ የሚለውን ብቻ ለይቼ ሰማሁ። እኔም አለቀስሁ። ለካሺ ነው ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ በእኔ ለመጣው ኀፍረት ነበር ብዙው።

ከሰዓት በኋላ ከጫንጮ የሚመጣ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርን። ኦቦ ቶለሳ በባዶ እጅ አትሄዱም ብለው አይብ በኮባ ጠቅልለው ሰጡን። ሳሮጅ ለባሏ ሁለት ቂጣ አስቀርታለች። መምህር ዴሳይ በር ላይ ተቀብለውን አንዱን ቆመው በሉ፤ ሲጨርሱ ወደ ግድግዳው ዞረው መነጽራቸውን ጠረጉ።

ቅዳሜ፣ ጉለሌ

ጠዋት እትዬ ዘነበች ቤት ገብቼ አዴ ወርቄ የጠየቁኝን ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ ነጠላቸውን አነሡ። ከዚያ በየበሩ ሄድን። ልብስ አጣቢዋ፣ የፖሊሱ ሚስት፣ ከኋላ ያሉት ሁለት እህትማማቾች፣ ሁሉም ወጡ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ግቢውን ተሻግረን በሩን አንኳኳን።

የከፈተችው ሳሮጅ ናት። አንድ በአንድ አየችን።

"ዘገየን ልጄ" አሉ እትዬ ዘነበች። "ይቅር በይን፤ ዘገየን።"

መምህር ዴሳይ ከውስጥ ወንበር ፍለጋ ይራወጡ ነበር። ሳሮጅ እንዲተዉት ነገረቻቸው። ወንበሮቹን ራሷ ወደ ግድግዳ ገፋች፣ ምንጣፉን መሬት ላይ ዘረጋችና መካከሉ ላይ ተቀመጠች። እኛም ገብተን ዙሪያዋን ተቀመጥን።